አዲሱን ለውዝ ከማሳው ማግኘት፦ ከጎጃም ቆላ እስከ ቤታችሁ ምጣድ

ቴክሳስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር መጥታ አንድ ከረጢት ፒካን አስቀመጠችልኝ። ፒካን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶችና በሰሜን ሜክሲኮ የሚበቅል የትልቅ ዛፍ ፍሬ ነው፤ ቅርፊቱ ጠንካራ፣ ውስጡ ቅባት የበዛበት። እነሱ አገር መከሩ ሲደርስ ግንዱን በማሽን ጨብጠው ያራግፉታል፤ የረገፈውንም ከመሬት ይሰበስባሉ አለችኝ። ከዚያ ዞር አለችና “የእኛው ለውዝስ እንዴት ነው የሚለቀመው?” ብላ ጠየቀችኝ።

“ዛፉን አራግፈው” ልላት ምንም አልቀረኝም። እኔ ደጋ፣ ኮሶበር ያደግሁ ሰው ነኝ። ለእኛ ለውዝ ማለት በወረቀት ተጠቅልሎ ከሱቅ የሚመጣ ነገር ነበር፤ ዛፍ ይሁን ሥር ይሁን የጠየቀ ልጅ አላስታውስም። አፍሬ ዝም አልኩ። በጥቅምት ጃዊ ወዳለ የባለቤቴ አጎት ማሳ ወረድኩና ከነቀላው እስከ ጆንያው ድረስ አብሬ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ለውዝ የምገዛበት መንገድ ተለውጧል። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስፍረው፤ መጀመሪያ ግን ከማሳው የያዝኩትን ዋና ነገር ልንገራችሁ። የለውዝ ጣዕምም ጤናማነትም የሚወሰነው ከመሬት ከተነቀለበት ሰዓት ጆንያ እስኪገባ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚያን ቀናት ስለመመርመር ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት፦ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

በእኛ በኩል ለውዝ የምንለውን ሐረርና ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ይሉታል፤ አንድ ነው። ስሙ ከዛፍ ፍሬ ጋር ቢያስመድበውም ዘሩ ከባቄላና ከሽምብራ ወገን ነው። ትንሽ ቢጫ አበባ ከመሬት በላይ ያብባል፤ አበባው ራሱን አዳቅሎ ሲጠወልግ ከሥሩ መርፌ የመሰለ ቀጭን ጅራት ይወጣል፤ ጅራቱ ቁልቁል ወርዶ አፈር ውስጥ ይገባና ጫፉ ላይ ፍሬ ይቋጥራል። አጎቴ (የባለቤቴ አጎት ማለቴ ነው) አንዱን ተክል ነቅለው ይህን ሲያሳዩኝ “ከላይ ያገባል፣ ከታች ይወልዳል” አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትም አላገኘሁም።

ጅራቱ ወደ አፈር መግባት ስላለበት ለውዝ ልል፣ አሸዋ የቀላቀለ መሬት ይወዳል። ሙቀትም ይፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ጓሮ ላይ ዘርታችሁ ብትጠብቁ ቅጠል ታገኙ ይሆናል፣ ለውዝ ግን አይሆንላችሁም። የጎጃምን ለውዝ የፈለገ ሰው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቆላው መውረድ አለበት።

መቼ

ቆላው ላይ ዝናቡ ሲይዝ፣ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ ይዘራል። እንደ ዝርያው ከአራት እስከ አምስት ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ ነቀላው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያርፋል፤ ዘግይቶ የተዘራው ታኅሣሥን ይነካል። ደርቆ ገበያ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ጨምሩበት።

ይህ ጊዜ ከጾሙ ጋር መገጣጠሙ ለጎጃም ሰው መልካም ዕድል ነው። ጾመ ጽጌ ኅዳር 5 ሲያበቃ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ አዲሱ ለውዝ ገበያ የሚወጣው እንግዲህ ቅቤና ወተት በሌለበት ሰሞን ነው። ግን ደግሞ ፈላጊው የሚበዛው ያኔ ስለሆነ የከረመውን ካዲሱ ደባልቀው የሚሸጡም የሚበዙት ያኔ ነው። በነሐሴ “አዲስ ለውዝ” ብሎ የሚጣራ ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

የት

ከባሕር ዳር ሲነሱ ሁለት አቅጣጫ አለ። አንዱ ወደ ጃዊ ነው፤ በአዊ ዞን ውስጥ ያለ ሰፊ ቆላ፣ ሰሊጥም የሚመረትበት። ሌላው በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቻግኒ፣ ከዚያም ወደ ግልገል በለስና ፓዊ የሚወርደው መንገድ ነው። ግልገል በለስና ፓዊ ያሉበት መተከል ዛሬ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ውስጥ ቢሆንም ቀድሞ ከጎጃም ክፍለ ሀገር አውራጃዎች አንዱ ነበር፤ ገበያው አሁንም ከቻግኒ ጋር የተሳሰረ ነው። ፓዊ ላይ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌላም አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች አሉ፤ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለ። የጉሙዝ ገበሬዎችም ለውዝን ከማሽላና ከሰሊጥ ጋር ያመርታሉ።

ወደ እነዚህ ቦታዎች ከመውረዳችሁ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ ከሾፌሮችና እዚያው ካለ ዘመድ አጣሩ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዣለሁ። ለለውዝ ብሎ ነፍሱን የሚያስይዝ ሰው የለም።

መውረድ ካልቻላችሁ ሁለተኛው መንገድ ከቆላ የሚመጣውን ሰው ማግኘት ነው። ባሕር ዳር ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ የእህል ተራ ላይ ከቸርቻሪዋ ይልቅ በጆንያ የሚያራግፈውን ሰው ፈልጉ። “ከየት ነው የመጣው?” ብቻ ብላችሁ አትተዉ፤ ሁሉም የሚወደድለትን ስም ይጠራላችኋል። “መቼ ተነቀለ? በምን ላይ ደረቀ?” በሉት። ካመረተው ሰው የገዛ ነጋዴ ይመልሳል፤ ሰሌን ወይም ሸራ ይላችኋል። የማያውቀው ደግሞ “ለውዝ ነው እኮ፣ ምን ታጣራለህ?” ይላል። ይህም መልስ ነው።

ማሳው ላይ፦ ደርሷል አልደረሰም?

ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑና ሲረግፉ ደርሷል ይባላል። አትመኑት። የቅጠል ነጠብጣብ በሽታ የገባበት ማሳ ፍሬው ሳይበስል ቅጠሉን ያራግፋል፤ ቅጠሉን አይቶ የነቀለ ገበሬ ጆንያ ሙሉ ጭምዳድ ይዞ ይቀራል። አጎቴ ያደረጉት እንዲህ ነው። ከማሳው ከአራት ከአምስት ቦታ አንዳንድ ተክል ነቀሉ፤ ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመሃልም። ከየተክሉ ፍሬ ለቅመው ቅርፊቱን በአውራ ጣታቸው ሰነጠቁና የቅርፊቱን የውስጥ ግድግዳ አዩ። ነጭና ስፖንጅ የመሰለ ከሆነ ጥሬ ነው። ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ፣ እንደ ጅማት መስመር ያወጣ ከሆነ በስሏል። ከአሥሩ ሰባቱ ጠቁረው ሲገኙ ይነቀላል። ሁሉም እስኪጠቁር መጠበቅ አይቻልም፤ አንድ ተክል ላይ የመጀመሪያውና የመጨረሻው አበባ በሳምንታት ይለያያሉና።

ቸኩሎ መንቀልና ዘግይቶ መንቀል ጉዳታቸው ይለያያል። የቸኮለ ለውዝ ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ ቅባቱ ያንሳል፣ ሲቆላም ይመራል። የዘገየው ደግሞ ጅራቱ ይበሰብስና ተክሉን ስትስቡ ፍሬው መሬት ውስጥ ይቀራል። ከዚህ ሌላ፣ ቀጥ ብሎ እንደ ቁጥቋጦ የሚበቅለው ዓይነት ዘሩ እንቅልፍ የለውም፤ የዘገየ ዝናብ ካገኘው እዚያው ተቀብሮ እያለ ያቆጠቁጣል። መሬት ላይ የሚንሰራፋው ዓይነት ይታገሳል። የትኛውን እንደዘሩ መጠየቅ ይህን ያህል ይጠቅማል።

ነቀላው

አፈሩ ጭቃም ድንጋይም ያልሆነ ቀን ይመረጣል። ደርቆ ከጠጠረ ጅራቱ ተቆርጦ ፍሬው ይቀራል፤ ከጨቀየ አፈሩ ከቅርፊቱ ጋር ይመጣና አይደርቅም። እኛ በዋልንበት ቀን ሁለት ሰዎች በዶማ ከሥሩ በታች፣ አንድ ስንዝር ያህል ጠልቀው አፈሩን ያነሱ ነበር፤ የቀረነው ከኋላ እየተከተልን ሳብ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ ረገፍ። ዶማው ቀረብ ካለ ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፤ እኔ ላይ ይህ ደጋግሞ ሲደርስ ዶማውን በፈገግታ ተቀብለውኝ ከለቃሚዎቹ ልጆች ጋር መደቡኝ። ወንፈል ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ቡናና ስኳር ይዛችሁ ሂዱ። ስትደርሱም ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ መደዳ ንቀሉ።

የተነቀለው ተክል ወዲያው አይለቀምም። ፍሬው ወደ ላይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች ሆኖ መደዳውን ይዞ ይገለበጣል። ፍሬው አፈሩን ሳይነካ ፀሐይና ነፋስ ያገኛል፤ ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ይቆያል። ዙሪያዬን ሳይ ግን በአንዳንድ ማሳ ላይ ተክሉ ገና እርጥብ እያለ ተከምሮ አይቻለሁ። ክምሩ ውስጥ እጄን ብከት ይሞቃል። ሻጋታ የሚፈልገው ያንን ሙቀትና እርጥበት ነው።

ሳልረሳ፣ ያልደረቀውን ለውዝ መቅመስ የምትችሉት በዚህች ቀን ብቻ ነው። ልጆቹ ከነቅርፊቱ አጥበው በጨው ውሃ ቀቀሉት፤ ከአንድ ሰዓት በላይ እሳት ላይ ቆየ። ጣዕሙ ከተቆላው ጋር ዝምድና የለውም፣ እንደ እሸት ባቄላ ነው። ወደ ቤት ልውሰድ ካላችሁ በማግስቱ ጨርሱት፤ እርጥብ ለውዝ አይከርምም።

ማድረቁ

ሦስተኛው ቀን ላይ ፍሬው ከተክሉ በእጅ ይለቀማል። ተክሉን ግንድ ላይ እየቀጠቀጡ ማራገፍ ይፈጥናል፤ ቅርፊቱ ግን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ነቀዝና ሻጋታ ይገባል። አጎቴ ቤት ሴቶቹና ልጆቹ ተቀምጠው በእጅ ነበር የለቀሙት። በዚያው ላይ ምስጥ የቦረቦረውን፣ የተሰነጠቀውንና ጭምዳዱን ለብቻ ይጥላሉ። ቆላ ላይ የምስጥ ነገር ቀላል አይደለም፤ ቅርፊቱን ከፋቀው በኋላ ሻጋታው በዚያ ይገባል።

የተለቀመው ሰሌን ወይም ሸራ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ ባዶ አፈር ላይ ግን አይሆንም። ለአንድ ሳምንት ያህል በቀን ደጋግሞ ይገላበጣል። ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይሰበሰባል ወይም ይሸፈናል፤ ጠዋት ጤዛው ሲተን እንደገና ይሰጣል። ቀትሩ ሲበረታ ጥላ ቢያገኝ ይመረጣል፤ በጣም በጋለ ፀሐይ የደረቀ ሲፈለፈል ቀይ ልጣጩ ይረግፋል፣ ፍሬውም ለሁለት ይከፈላል።

መድረቁን በሦስት መንገድ ፈትኑ። እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ስትነቀንቁት ውስጡ ይንኳኳል። ፍሬውን በጣታችሁ ስታሹት ቀይ ልጣጩ ይንሸራተታል። ለሁለት ስትሰብሩት ቀጭ ይላል፤ ከተጣመመ ገና ነው። በሚዛን ቤት ቋንቋ፣ ከነቅርፊቱ ሲከማች እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት ይባላል፤ ተፈልፍሎ ሲከማች ደግሞ ከ8 በመቶ ባይበልጥ ነው።

ይህን ያህል ስለ ማድረቅ የማወራው አፍላቶክሲን በሚባለው መርዝ ምክንያት ነው። በደንብ ባልደረቀ ለውዝ ላይ የሚበቅል አንድ የሻጋታ ዓይነት ያመነጨዋል፤ ለረጅም ጊዜ ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የታወቀው በ1960 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ፤ ሲመረመር የበሉት ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ መቁላት ሻጋታውን ቢገድልም መርዙን አያጠፋውም። “ከቆላሁት ምን ይሆናል” የሚለው የቤታችን አባባል ስህተት ነው። ሻጋታ ያዩበትን፣ የጠቆረውን፣ የተጨማደደውን፣ ሲያላምጡት የሚመረውን መትፋትና መጣል ነው። ለዶሮም አትስጡት።

ከገበያ ስትገዙ

ከነቅርፊቱ ግዙ። ሌላ ምክር ባትሰሙ ይህን ስሙ። ቅርፊቱ የተፈጥሮ ማሸጊያ ነው፤ ፍሬውን ከነቀዝም ከመጎምዘዝም ይጠብቃል፤ እናንተም ነቀንቃችሁ፣ ሰንጥቃችሁ ማየት ትችላላችሁ። የተፈለፈለ ስትገዙ ያንን ሁሉ ማስረጃ ሻጩ ጥሎታል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከኪሴ ነው። ከዓመታት በፊት አምስት ኪሎ የተፈለፈለ፣ ትልልቅና የሚያብረቀርቅ ለውዝ ገዛሁ፤ ከብዶኝ ነበር፤ ጥራት መስሎኝ ደስ አለኝ። በአሥረኛው ቀን ከረጢቱን ስከፍት አረንጓዴ አቧራ ቦነነ። በኋላ እንደተነገረኝ በእጅ ሲፈለፈል ቅርፊቱ እንዲለሰልስ ውሃ የሚረጩበት አሉ፤ ሥራው ይቀላል፣ ሚዛኑም ይነሳል። የከበደኝ እንግዲህ ውሃው ነበር።

“የተፈለፈለው ግን ይረክሳል” የምትሉ ካላችሁ ሒሳቡን እንሥራ። ከነቅርፊቱ ካለው ለውዝ ሲሶው ያህል ቅርፊት ነው፤ ሦስት ኪሎ ገዝታችሁ ብትፈለፍሉ ወደ ሁለት ኪሎ ፍሬ ታገኛላችሁ። ስለዚህ የአንዱን ኪሎ ዋጋ በአንድ ተኩል አባዙት። ከነቅርፊቱ ኪሎው 100 ብር ቢሆን የተፈለፈለው 150 ብር ላይ ነው የሚተካከሉት። ከዚያ በታች የሚሸጥ የተፈለፈለ ካገኛችሁ ለምን እንደረከሰ ጠይቁ።

ጆንያው ፊት ቆማችሁ ከላይ ያለውን አትፈሱ፤ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ሰድዳችሁ ከመሃሉ አውጡ። ያሸተታችሁት ደረቅ አፈርና ገለባ ከሆነ ጥሩ ነው፤ የምድር ቤት ሽታ ካለው አይሆንም። አሥር ያህል ፈልፍሉ። አንዱን ቅመሱ፤ አዲስ ለውዝ ጥሬውን ጣፈጥ ይላል፣ የከረመው ዘይቱ ጎምዝዞ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከአሥሩ ሁለት ሻጋታ ካገኛችሁ ዋጋ መከራከሩን ትታችሁ ሂዱ።

ቤት ከገባ በኋላ

ጆንያውን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ እንጨት ወይም ሁለት ድንጋይ ላይ አንሱት፤ ከግድግዳም ፈቀቅ ይበል። አየር የሚያሳልፍ ኬሻ ይሻላል፤ ፕላስቲክ የሚሆነው ፍጹም ለደረቀ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ስላለ ክረምት ላይ ቤቱ ይረጥባል፤ እኔ ከግንቦት በኋላ ያለውን በክዳን በሚዘጋ ጣሳ አደርጋለሁ። የምትፈለፍሉት ለሳምንቱ የሚበቃውን ያህል ነው።

ስትቆሉ እሳቱ ይነስ። ብረት ምጣድ ላይ አንድ መደዳ ብቻ ዘርግታችሁ ሳታቋርጡ አማስሉ፤ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይወስዳል። ልጣጩ መሰንጠቅ ሲጀምርና ሽታው ቤቱን ሲሞላ አንዱን ሰንጥቁ፤ ውስጡ በትንሹ ቡናማ ካለ አውጡት። ምጣዱ ላይ እስኪጠቁር ከጠበቃችሁ፣ ሰፌድ ላይም መብሰሉን ስለማይተው ያርራል። ሲቀዘቅዝ አሽታችሁ በሰፌድ አንፍሱት።

የለውዝ ሻይ ለምትወዱ፦ የቆላችሁትን አልማችሁ ፍጩ፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያውን መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። ቀጥታ ፍል ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁት ይጓጉላል። ከዚያ ፍል ውሃና ስኳር ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ እያማሰላችሁ አፍሉት፤ ለሁለት ብርጭቆ ይበቃል። ከላዩ ቀይ ሻይ የሚያንጠባጥቡበት አሉ፤ የአክስቴ ልጅ ግን ያለ ሻይ ነው የጠጣችው። ለሕፃናት ሙሉውን ፍሬ አትስጡ፣ ያንቃል፤ ለውዝ የማይስማማቸው ሰዎችም ስላሉ እንግዳ ስትጋብዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተፈጨው ዘይቱ ቶሎ ስለሚጎመዝዝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጨርሱትና ከጆንያው እንደገና ፈልፍሉ።